«የድሬ ልጅ» ገጸ ባሕርይ አይደለም

በቅርብ ዓመታት በእጄ የገቡትን አጫጭር ልብ ወለዶች፣ የታተሙትንም ወዳጆቼ በረቂቅ ያስነበቡኝንም ሳገላብጥ፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ይገጥመኛል። የከተማዬ ሰው ነው ይሉታል። ገና በበሩ ብቅ ሲል አውቀዋለሁ። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፎች ተከፍተዋል፤ በብብቱ ሥር ጫት ሸጉጧል፤ ንግግሩን በ«አቦ» ከፍቶ በ«ወላሂ» ይዘጋል፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያለ ያናግራል፤ ያለውን ይሰጣል፣ የሌለውን ይበደራል፣ ነገ የሚባል ቀን መኖሩ ትዝ አይለውም። ታሪኩ ሊያልቅ ሲል የሁሉንም ሒሳብ ከፍሎ እየሳቀ ይወጣል። ደራሲው ስም አውጥቶለታል፤ ስሙ ግን ለምንም አያገለግልም። አንባቢ የሚያውቀው «የድሬ ልጅ» በሚለው መጠሪያው ብቻ ነው።

ይህ ሰው ገጸ ባሕርይ አይደለም። ይህን በግልጽ ሳንናገር ብዙ ቆይተናል ባይ ነኝ።

«ምን አስቆጣህ? የተጻፈው ውዳሴ እንጂ ስድብ አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ቸር ነው፣ ሰው ወዳድ ነው፣ ዘርና ሃይማኖት አይለይም መባል ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ይኸውላችሁ፦ የተወደሰ ሰው አይመረመርም። አንድን ሰው «ደግ ነው» ብለን ከደመደምን በኋላ ደግነቱ ስንት እንዳስወጣው፣ ለማን ደግ ሆኖ በማን ላይ እንደ ጨከነ፣ የቤቱን አስቤዛ ለጓደኞቹ በትኖ ባዶ እጁን ሲገባ ሚስቱ ምን እንዳለችው ለመጠየቅ አንገደድም። የድሬዳዋ ሰው በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሚስት የለችውም፤ ብትኖርም አትናገርም። ዕዳ የለበትም፤ ቢኖርበትም አበዳሪው በሩን አያንኳኳም። ሲስቅ እንጂ፣ ከሳቀ በኋላ ጨዋታው ተበትኖ ብቻውን ሲቀር አናየውም። ይህ ውዳሴ ከተባለ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረጸውም ውዳሴ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰው ግን አይንቀሳቀስም።

የሚያስቆጨው ደግሞ፣ ይህን ሰው የፈጠሩት ለሁለት ቀን ሥራ መጥተው በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ጠጥተው የተመለሱ እንግዶች ብቻ አለመሆናቸው ነው። እኛው ነን። በደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ስንራገጥ ያደግን ልጆች ብዕር ባነሣን ጊዜ የምናውቀውን ጎረቤት እንተውና እንግዳው የሚወድልንን ምስል እንቀዳለን። ፎቶ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ትንፋሹን እንደሚይዝ ሰው፣ ከተማችንን ትንፋሿን አስይዘን እናቆማታለን። «የሰው ገጸ ባሕርይ አስተካክለህ አልሣልህም» ቢባል የሚከፋው ደራሲ፣ በገዛ ሰፈሩ ሰው ላይ ይህን ሲያደርግ ግን እጁ አይንቀጠቀጥም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የአንዲት ከተማ ቅሬታ ብቻ እንዳይመስልህ። «የድሬ ልጅ» አባትና አያት አለው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ሲያሳትሙ ለባለታሪካቸው «አወቀ» የሚል ስም ሰጡት። አወቀ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ተመልሶም የሀገሩን ልማድ ሊያርም ይነሣል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባቀረቡት ልብ ወለድ ደግሞ ባለታሪኩ «አርአያ» ተባለ፤ እርሱም በውጭ ሀገር ተምሮ ሀገሩን ሊጠቅም የሚመለስ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። በልብ ወለድ ውስጥ መልአኩ ደራሲው ስለሆነ፣ አንዱ ያውቅ ዘንድ፣ ሌላው አርአያ ይሆን ዘንድ ከእናቱ ማኅፀን ሳይወጣ ተፈርዶበታል። አወቀ የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ አርአያም አንድ ቀን ሊከተሉት የማይገባ ነገር ቢሠራ፣ ስሙ ራሱ ይከስሰዋል።

እነዚያን አባቶች እዚህ ላይ ላዋርዳቸው አልተነሣሁም። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን፣ ሀገር እንዲለወጥ ቸኩለው የጻፉ ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፉ ለእነርሱ ለሕዝብ የተላከ ደብዳቤ፣ ባለታሪኩም ደብዳቤውን የሚያደርስ መልእክተኛ ነበር። ምክንያት ነበራቸው። እኔን የሚገርመኝ ከዘጠና ዓመት በኋላ እኛ ያለ እነርሱ ምክንያት የእነርሱን ልማድ መያዛችን ነው። «አወቀ» ቢያንስ ማወቅን ይሰብክ ነበር፤ «የድሬ ልጅ» ምን እንደሚሰብክ እንኳ አይታወቅም።

ደግሞም ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ከሁሉ ቀድሞ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አለ። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ቋንቋው ያጌጠ፣ አጋጣሚው የበዛ፣ ባለታሪኮቹም ከሰው ይልቅ ለመላእክት የቀረቡ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ጦቢያ የወንድ ልብስ ከለበሰችበት ሰዓት ጀምሮ አንድ የምትደብቀው ነገር አላት። አንዲት ሴት ወንድ መስላት ስትወዳት እያንዳንዷን ቃል መዝና መናገር አለባት። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ያስጨንቀናል፤ የሚያስጨንቀንን ሰው ደግሞ ትተነው መነሣት አንችልም። የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን ይህን ያውቅ ነበር፤ እኛ ዛሬ የምንደብቀው አጥተን ሸሚዛችንን እንከፍታለን።

ስም የግድ እስር ቤት እንደማይሆን ለማየት የሚፈልግም የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ያንብብ። ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ እንደ አወቀና እንደ አርአያ ሁሉ የተፈረደበት ይመስላል። ዳኛቸው ግን በዙሪያው የራሳቸው አንደበት ያላቸውን ሰዎች ስለ አቆሙበት፣ የአደፍርስ ንግግር ከሌላው ንግግር ጋር ይጋጫል፤ ይሰለቻልም። ደራሲ ባለታሪኩን ሌሎች እንዲሰለቹት ሲፈቅድ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የጻፈ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ፤ ብዙ ሰው እንደሚቀየመኝም አውቃለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ቢኖር፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማው ግን ጥቂት ነው። ሕዝባችን ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። እኔ ግን እላለሁ፦ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚኖረው ሰው በዛብህ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው።

ለምን? በዛብህ መልካም ነው፤ ድምፀ መልካም፣ ጠባየ መልካም፣ ዕድለ ቢስ ነው። እናዝንለታለን። በእውነት በሕይወት የሚመጣልን ግን ወላጆቹ በስለት የሰጡት ልጅ መሆኑና ሰብለን መውደዱ በአንድ ገላ ውስጥ ሲጋጩ ነው፤ ስለቱን ሲፈራ፣ ፈርቶም ሲወድ። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ተቀምጦ እንደሚታይ ሥዕል ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ግን የሚሹት ነገር ለአንዲት ገጽ እንኳ አይለቃቸውም። የሚሹት ክብር ነው። ልጃቸውን እጅግ ስለሚያከብሯት ለእርሷ የሚገባ ዘር አጥተው በቤት አስቀሯት፤ የጋብቻዋን በር በትውልድ ቆጠራ ሲጠብቁ፣ የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ አስተማሪ ሆኖ በእርሳቸው ቤት ገባ። ክብራቸውን ለማስጠበቅ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ጦር አዘመቱ፤ በነአበጀ በለው እጅም ተማረኩ። የሠሩት ሁሉ ሊጠብቁት የፈለጉትን ነገር የሚያፈርስ ነው። ይህን እኛ እናያለን፤ እርሳቸው አያዩም። መጽሐፉን ስናነብ እንስቅባቸዋለን፣ እንቆጣቸዋለን፣ የተማረኩ ዕለት ግን ሳናስበው አንገታችንን እንደፋለን። የባላባት ሥርዓት ይወድቅ ዘንድ የጻፈ ደራሲ፣ የሥርዓቱን ምሰሶ እንድናዝንለት አድርጎ ማቆሙ ነው ታላቅነቱ። ጠላቱን በካርቶን ቢሠራው ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

ጉዱ ካሣም እንዲሁ ነው። የደራሲውን ሐሳብ የሚናገር ሰው ነውና ድምፅ ማጉያ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ያዳነው «ጉዱ» መባሉ ነው። እውነት የሚናገረው ሰው የሚነቅፈው የዚያው የባላባት ዘመድ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ሀገሩ እንደ እብድ የሚያየው ሆነ። እውነቱ ዋጋ አስከፈለው። እኛ ብንጽፈው ኖሮ በገበያ መካከል አቁመን እናስጨበጭብለት ነበር።

«እሺ፣ ይህ የጥበብ ጉዳይ ነው፤ ሕይወትና ሞት አስመሰልኸው» ለሚለኝ አንድ ዓመተ ምሕረት ልጥቀስ፤ 1975። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ያሳተመበት ዓመት ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለው ጋዜጠኛ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ይላካል፤ አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን አለች፤ አሥመራ ላይ ፊያሜታን ይወዳል። አፉ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ይናገራል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ያያል። በዙሪያው ያሉትን ባለሥልጣናት የዚያ ዘመን አንባቢ «ይህ እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው» እያለ በጣቱ ጠቆማቸው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ያ መጽሐፍ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ። መፈክር ብቻ የሚናገሩ ባለታሪኮችን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሹመት ይጨመርለት ነበር። ያስፈራው፣ ሰዎቹ ሲፈሩ፣ ሲቀኑ፣ ሲዋሹ መታየታቸው ነው። ገጸ ባሕርይ ማለት ይህን ያህል ከባድ ነገር በሆነበት ሀገር እኛ የሳቂታ ሰው ምስል እያባዛን እንሸጣለን።

ይህን ስል «አንተ ግጥም ሞካሪ የባንክ ጸሐፊ፣ ስለ ልብ ወለድ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲያውም የሚያገባኝ በባንክ ጸሐፊነቴ ነው።

ለጀማሪ ጸሐፍት የሚሰጥ አንድ ሥልጠና ላይ የተበተነ ወረቀት አንድ ወዳጄ አሳይቶኝ ነበር። «ልብ የሚስብ ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር የሚከተለውን ሙላ» ይላል። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው ዘፈን። ሳየው ሳቄ መጣ። ይህ እኮ የእኔ ቅጽ ነው! የሒሳብ መክፈቻ ቅጽ! ሙሉ ስም ከነአያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሥራ ዓይነት፣ የወር ገቢ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የፊርማ ናሙና። በዓመታት ውስጥ ስንቱን እንደ ሞላሁ እግዚአብሔር ይወቀው። እያንዳንዱን ሞልቼ ስጨርስ ስለ ሰውየው የማውቀው ነገር አልነበረም።

አንድ መስመር ግን አለች። «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው» የምትል። እስከዚያ ድረስ ሳያመነታ ሲመልስ የቆየ ሰው እዚህች ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። አንዳንዱ ሚስቱን ይጠራና «ቆይ፣ ቆይ፣ ወንድሜን አድርገው» ይላል። አንዳንዱ ቀና ብሎ «የግድ ነው?» ይላል። በአራት ቋንቋ ሰላምታ እየሰጠ፣ ጥበቃውን እያሳቀ የገባ ሰው ስልኩን አውጥቶ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ሲያገላብጥ፣ የሚጻፍ አንድ ሰው ሲያጣ አይቻለሁ። ልብ ወለድ የሚጀምረው እዚያች ዝምታ ላይ ነው። የዓይኑ ቀለም ምን እንደ ነበረ አላስታውስም።

በመስኮት ፊት የሚቆም ሰው ሌላም ነገር ያስተምራል። ገንዘቡን ለምን እንደሚያወጣ ማንም አይጠይቀውም፤ የራሱ ነው። የሚያብራራ ሰው ግን አለ። «ለልጁ ትምህርት ቤት ነው» ይላል ሳይጠየቅ፤ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ «ለትምህርት ቤት ነው» ይላል። ለትምህርት ቤት አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም አላልኩትም፤ እርሱም ምንም አልነገረኝም፤ ሁሉም ነገር ግን ተነግሯል። በእኛ ልብ ወለዶች ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን የሚያስቡትን ሁሉ ይናገራሉ። ሲወዱ «እወድሃለሁ»፣ ሲከፋቸው «ከፍቶኛል» ይላሉ፤ በዚህ የማይተማመን ደራሲ ደግሞ በቅንፍ «በሐዘን ስሜት» ብሎ ይጨምርበታል። በእውነተኛው ኑሮ የሰው ልብ በተናገረውና ሊናገር በፈለገው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ተቀምጧል። ክፍተቱን የዘጋ ደራሲ ሰውየውን ዘግቶበታል።

ሩሲያዊው ጎጎል በ1842 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ካፖርት» የጻፈልን ሰው እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ ነበር፤ ወረቀት ገልባጭ። ስለ መልኩ የተነገረን ከጥቂት ቃላት አይበልጥም፣ የሚያምርም አይደለም። አስቂኝም፣ ደግም፣ ተጨዋችም አይደለም። አዲስ ካፖርት ይፈልጋል፤ በቃ። ለዚያም ሲል የማታ ሻዩን ይተዋል፣ ሻማ ማብራቱን ይተዋል። ሻዩን ከተወባት ምሽት ጀምሮ አንባቢው የእርሱ ምርኮኛ ነው። ካፖርቱ ተሰፍቶ የለበሰው ዕለት እኛም ሞቀን። አንድ ፈላጊ፣ አንድ ተፈላጊ፣ ለዚያም የሚከፈል ዋጋ። የወደድነው ተወዳጅ ስለሆነ አይደለም፤ የፈለገውን ስለ ፈለግንለት ነው። ይህን ልዩነት የማያይ ደራሲ ገጸ ባሕርይውን ሊያስወድድ ሲኳትን ዕድሜውን ይጨርሳል።

አሁን ደግሞ ደራስያን በጓዳ የሚያወሩትን በአደባባይ ላንሣው። ዛሬ በሀገራችን አንድ ደራሲ ክፉ ሰው ሊጽፍ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የክፋቱ ምንነት ሳይሆን የሰውየው ስም ነው። «ይህን ስም ብሰጠው ያንን ብሔር ሰደበ እባላለሁ፤ ያኛውን ብሰጠው ደግሞ የእነዚህን» እያለ ሲያሰላ ይከርምና ከየትም ያልመጣ የሚመስል ስም ይመርጣል፤ ሰውየውም ከየትም ያልመጣ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ በአንድ በርጫ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም እኩል ደግ፣ እኩል ተጨዋች፣ እኩል ንጹሕ ናቸው። ይህ የገጸ ባሕርያት ስብስብ ሳይሆን የልዑካን ቡድን ነው። በኮታ የተቀመጠ ሰው ሊሳሳት አይችልም፤ ቢሳሳት የሚሳሳተው ስለ ራሱ ብቻ አይደለምና።

ፍርሃቱን አልንቀውም። ሰው በስሙና በንግግሩ ቅላጼ ተለይቶ የተጐዳበትን ጊዜ አይተናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሁሉንም ጻድቅ ማድረግ ነው የሚለውን አልቀበልም። ጻድቁ የድሬ ልጅና ክፉው ባዕድ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ሰውን ከማየት የሚያሳርፉ ናቸው። ኮንትሮባንድ የምትነግድ ሴት ጻፍ። ጀግና አታድርጋት፤ ወንጀለኛም አታድርጋት። ዕቃዋን ሁለት ጊዜ የወረሰባት የፍተሻ ሠራተኛ እናቱ ሞተው፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ለቅሶ ሊደርሱ ሲነሡ፣ ነጠላዋን እንደያዘች ልሂድ አልሂድ ብላ በሯ ላይ ቆማ ጻፋት። ስትሄድ ምን አስባ እንደ ሄደች፣ ለእዝኑ ምን ይዛ እንደ ገባች፣ ሰውየው ቀና ብሎ ሲያያት ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደ ሰበረ ጻፍ። ከዚያ በኋላ የማን ወገን መሆኗን የሚጠይቅ አንባቢ ቢመጣ እንኳ መልሱ ታሪኩን አይዘጋውም።

ደግሞ የሚጻፍ ነገር የጠፋ ይመስል! ይህች ከተማ እኮ በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት ከሥሩ በመቅረቱ የተወለደች ናት፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የሚል የተውሶ ስም ተሰጥቷት ነበር። ስንት ሰው ነው ዕድሜውን ለዚያ ሐዲድ ሰጥቶ፣ ፈረንሳይኛውን ከሥራው ጋር ተምሮ፣ ባቡሩ ጡረታ ሳይወጣ ራሱ ጡረታ የወጣ? በኋላም የአሮጌው ባቡር ጩኸት ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከከተማዋ ወጣ ባለ ጣቢያ ያልፋል። አንድ ጡረተኛ መካኒክ አስቡ፤ ልጁ በአዲሱ ባቡር ሊቀጠር ማመልከቻ ሲጽፍ ያገኘዋል። ይከለክለዋል? በምን አፉ? ይመርቀዋል? በምን ሆዱ? እኛ ይህን ሰው ለገሃሬ ጥግ አስቀምጠን ስለ ደጉ ዘመን ተረት እናስወራዋለን፤ ከዚያ ማዶ ምንም አንጠይቀውም።

ደቻቱስ? ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ዛሬ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ የሚስቀው የአርባ ዓመት ሰው ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማው ነበር። የት ነበር ያን ሌሊት? የማንን እጅ ያዘ? የማንን ለቀቀ? በአንዱ ታሪክ ውስጥ እንኳ ከደጋው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ጨዋታውን አቋርጦ ወደ ወንዙ ሲመለከት አላየሁትም። ሳቁን አታስቀሩበት፤ በእርግጥም ይስቃል። ነገር ግን ከምን በኋላ እንደሚስቅ ያልተነገረን ሰው ሳቁ ምኑም አይደለም።

ቋንቋውንም ተመልከቱ። የድሬዳዋን ሰው ለመሣል የሚፈልግ ደራሲ ሁሉ በየመስመሩ «አቦ» ይረጫል፤ እንደ ሚጥሚጣ። የከተማው ሰው ግን በአንድ ጨዋታ መካከል ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ፣ አልፎ አልፎም ወደ አደርኛና ወደ ዓረብኛ የሚሻገር ሰው ነው። ሲሻገር ሁሉ ምክንያት አለው። ዋጋ ሲከራከር በየትኛው ነው? ልጁን ሲቆጣ በየትኛው ነው? አጠገቡ ያለው ሰው እንዳይሰማው ሲፈልግ ወዴት ይሸሻል? ሲደነግጥ የትኛው ቋንቋ ያመልጠዋል? አንድ ደራሲ ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ካለው የዓይን ቀለም ባይነግረን ግድ የለንም።

የመጨረሻው «አንተ» ነው። የሐረርጌ አማርኛ «አንቱ»ን እምብዛም አይጠቀምበትም፤ ልጅ አባቱን፣ ወጣት ሽማግሌውን «አንተ» ይላል፣ የሚከፋውም የለም። ደራስያን ሁሉ ይህን አይተዋል፣ ሁሉም ጽፈውታል፤ ከጻፉት በኋላም ሥራቸው የተጠናቀቀ መስሏቸዋል። አንድ ነገር ግን ማንም አልጻፈልኝም። ሁሉን «አንተ» ሲል የኖረው ይኸው ሰው አንድ ቀን «አንቱ» ብሏል። ማንን ነው ያለው? የሦስት ወር ኪራይ የተጠራቀመባትን የቤት ባለቤት ነው? የልጁን እጅ ሊጠይቁ ከሌላ ሀገር የመጡትን ሽማግሌዎች ነው? ወይስ ከብዙ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያገኘውን የገዛ ወንድሙን፣ ሊርቀው ፈልጎ? ያችን ገጽ የጻፈ ሰው ካለ፣ በረቂቅም ቢሆን ያስነብበኝ።